ዓይኑን ጨፍኖ ቴአትር የሚያየው ሰው

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔና ባለቤቴ አስረሳሽ ደህና ነን። ጣሪያችን ሁለት ቦታ እያፈሰሰም ቢሆን ክረምቱን ተወጥተነዋል። ደብዳቤሽን ጠሀ አውቶቡሱን እንዳቆመ ሳያርፍ አምጥቶ ሰጠኝ። የጅማ መስመር ሾፌሮች ሁሉ እንደ እሱ ቢሆኑ ፖስታ ቤት ባላስፈለገን።

ተማሪዎችሽ የሚያነቡት ስለ እኔ ሕይወት አንድ መጽሐፍ ልታዘጋጂ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ ማን ነኝና» ይል ነበር። እኔ ግን ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎችሽን በየተራ ልመልስልሽ።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ቴአትር የጀመርኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አባቴ እንጦጦ ላይ ቄስ ነበሩ፤ እኔም ዲያቆን ነበርኩ። አንዱ ቄስ ሲያነብ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል፤ ሌላው ያንኑ ሲያነብ ያዛጋል። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ቃሉም አንድ ነው። ያን ልዩነት ምን እንደሚያመጣው ለማወቅ ስል ነው ቴአትር ቤት የገባሁት፤ አርባ ዓመት ሙሉም ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

ሐያሲ የሆንኩት ደግሞ ከቴአትር ቤት ስላባረሩኝ ነው። ሥራ ፈትቼ ስዞር የጋዜጣው አለቃ «በየሻይ ቤቱ የምትሳደበውን ለምን አትጽፈውም?» አለኝ። ጻፍኩት። ዓመት ሳይሞላ ያባረሩኝ ሰዎች ራሳቸው ጠሩኝ። ውጭ ሆኖ ከሚጽፍብን ውስጥ ሆኖ ቢሠራ ይሻላል ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ሁለቱንም ያዝኩ። አዘጋጅም ሐያሲም ሆኜ ኖርኩ፤ ሁለቱም ወገን አልወደደልኝም።

ዓይኔን ጨፍኜ ቴአትር የማየቴን ነገር ጠይቀሻል። ሰው ይተኛል ይላል። አልተኛም። የመጀመሪያውን ገቢር ሁልጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው። ልብሱና መብራቱ፣ የተዋናይቱም ቁንጅና ሰውን ያታልላሉ። ውሸታም ተዋናይ ከድምፁ ይያዛል። አዘጋጅም ስሆን እንደዚያው ነኝ፤ ልምምድ ላይ ጨፍኜ ነው የምቀመጠው።

ስልኬን ለምን እንደማላነሳ የጠየቅሽኝን ተዪው። ስልክ የያዘ ሰው ሳያስብ ያወራል። ደብዳቤ ይሻለናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቼ አዲስ ቴአትር እያዘጋጀሁ ነው። «ባለ ሁለት በር» ይባላል። አንድ ግቢ የወረሱ ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው፣ መሐሉን አጥረው፣ በየራሳቸው በር እየወጡና እየገቡ ለዓመታት ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። ታላቅየውን የሚጫወተው ከአንቺ ጋር የተማረው ገላው ነው። ጥር 3 መገናኛ አካባቢ ባለ አዳራሽ ይከፈታል። ልምምዱ እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ተነስተን ወደ እንጦጦ ዳገቱን እየወጣን ቃለ ተውኔታቸውን ይላሉ። ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያሳጣ ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይም አይሆንም። ፓርኩ ውስጥ የሚሮጡት ሰዎች ወንድማማቾቹ የምር የተጣሉ እየመሰላቸው ሊገላግሏቸው ይቆማሉ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በራሴ ቴአትር ላይ እኔ ልጽፍ አልችልም። ሌሎቹ ወይ ይፈሩኛል ወይ ይጠሉኛል። መጥተሽ እይውና ጋዜጣው ላይ በእኔ ዓምድ አንቺ ጻፊ። ሳትምሪኝ። ዕድሜ ልኬን በሰው ሥራ ላይ ስፈርድ ኖሬ የሚፈርድብኝ አጥቼ መሞት አልፈልግም።

አስረሳሽ ሰላም ብላሻለች።

ተክለብርሃን


ጅማ
ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እትዬ አስረሳሽስ እንዴት ናቸው? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። የተማሪ ምዝገባ ነበር፤ ደግሞም እውነቱን ልናገርና ምን ብዬ እንደምመልስ ጨንቆኝ ነበር።

ልመናዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። በእርስዎ ላይ እኔ ልፍረድ? ረስተውት ይሆናል፤ ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ የተጫወትኩትን ቴአትር አይተው «ሶሬቲ የምትባለው ልጅ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ መድረክ ላይ ይደርሳል» ብለው ጻፉብኝ። ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ መጥቼ በርዎ ላይ ቆሜ ጮህኩብዎት። እርስዎም እስክጨርስ አዳምጠው «ይኸው፣ አሁን አንቺና ድምፅሽ አብራችሁ ደረሳችሁ። ግቢ!» አሉኝ። ገባሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎ ነኝ።

ስለዚህ እሺ ብያለሁ። እመጣለሁ፤ እጽፋለሁም። ግን ሐያሲ ከመጋረጃ ጀርባ አይገባም የሚለው ሕግ የእርስዎ ነው። ያን ዕለት ሰላም ሳልልዎ ብሄድ እንዳይቀየሙኝ።

ለመጽሐፉ አንድ ጥያቄ ዘለውብኛል፤ ሥራ ላይ ሳሉ ፈርተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቄዎት ነበር። የስልኩን ነገር ግን የጠየቅኩት ለመጽሐፉ አልነበረም። ጠሀ ምን እንደነገረኝ ልንገርዎ። ባለፈው ደብዳቤዬን ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ከኋላዎ ደርሶ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ እስከ ታች ተከትሎዎት ኖሯል። አልዞሩለትም። ትከሻዎን ሲነካ ደንግጠው በከዘራዎ ሊሉት ነበር አለኝ። «በምን አስቀይሜያቸው ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ተቀይመውታል እንዴ?

አክባሪዎ
ሶሬቲ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣

ጠሀን አልተቀየምኩትም። ሰው በሐሳብ ሲሄድ ከኋላው መጥተው አይነኩትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰላም ሳትዪኝ ብትሄጂም አልቀየምሽም። ብትዪኝ ነው የምቀየምሽ።

ፈርተው ያውቃሉ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ አንድ ጊዜ። ገና ወጣት አዘጋጅ ሳለሁ በቴአትሩ መሐል መብራት ጠፋ። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ጨለማው ድቅድቅ ነው። ሰው ተነስቶ ሊሄድ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ተዋንያኑ ግን አላቋረጡም። እዚያው ጨለማ ውስጥ መናገር ቀጠሉ፤ ከወንበሩ የተነሳ ሰው አልነበረም። መብራቱ ሲመጣ ሕዝቡ ቅር አለው! ዓይኔን መጨፈን የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ጻፊው፣ ጥሩ ታሪክ ነው።

ሌላው ወሬ ይህን ያህል ጥሩ አይደለም። ገላውን አሰናበትኩት። ሁለተኛው ገቢር ላይ አጥሩ ጥግ ቆሞ ለታናሽ ወንድሙ የሚናገረው ረጅም ንግግር አለ፤ የቴአትሩ ልብ እሱ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጠው ያጉተመትማል። «ከፍ አድርግ» አልኩት፤ ደገመው። «አፍህ ውስጥ አታውራ» አልኩት፤ ደገመው። ዓይኔን ስገልጥ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ፊቱ በላብ ርሶ ቆሟል። ሥራ የበዛበት ሰው ይመስላል፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ሌሎቹ ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። እዚያው በሁሉም ፊት ወደ ቤትህ ሂድ አልኩት።

በምትኩ ሌላ ልጅ አስገብቻለሁ። እሱም ያው ነው። የዛሬ ልጆች ማይክ ለምደው ጉሮሯቸውን ረስተውታል። ቤት ስገባ ደግሞ አስረሳሽ ታንሾካሹካለች። አገሩ ሁሉ ማንሾካሾክ ይዟል፤ ምን እንደነካው አላውቅም።

ተክለብርሃን


ጅማ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳትምሪኝ ብለውኛል፤ የፈቀዱልኝ ለቴአትሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቀድሜ ልጀምር ነው።

ገላው አያጉተመትምም። ደውሎልኝ ሲያለቅስ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው ያዳመጥኩት። ሲ.ኤም.ሲ የሚኖርበት አፓርታማ ነዋሪዎች ቤቱ ውስጥ እየተለማመደ አላስተኛን አለ ብለው ለኮሚቴ ከሰውታል። ሦስት ፎቅ ወርዶ የሚሰማ ድምፅ ነው ያለው። እትዬ አስረሳሽም አያንሾካሹኩም፤ እሳቸው ከጓዳ ሲጣሩ እኔ መንገድ ላይ ሆኜ እሰማቸው ነበር። አገሩም እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ይብሳል እንጂ አልቀነሰም።

የማይሰማው የእርስዎ ጆሮ ነው፣ ጋሼ። እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል። ስልኩም፣ ጠሀም፣ ገላውም አንድ ነገር ናቸው።

ይህን በመጻፌ ተማሪዎ ሆኜ ላልቀጥል እንደምችል አውቃለሁ። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ገላውንም ይመልሱት፤ ያለ እሱ ያ ንግግር አይሆንም። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ብቻ መልስ ይጻፉልኝ።

ሶሬቲ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቴአትሩን ትቼዋለሁ። አዳራሹን ለሌላ እንዲሰጡት ነግሬያቸዋለሁ፤ መምጣት አያስፈልግሽም። ስለ እኔ የጀመርሽውንም እዚህ ላይ ጨርሽው። «ሠርቶ ሠርቶ ተወ» በዪ።

ተክለብርሃን

ሶሬቲዬ፣ እኔ አስረሳሽ ነኝ። አሽጊው ብሎ ሰጥቶኝ ነው ከሥሩ የምጽፍልሽ። ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። ግራው ጭራሽ ሄዷል፤ ቀኙም እየሄደ ነው አሉን። የጆሮ መሣሪያ ሰጡት፤ ያፏጭብኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ልጄ። ለሰው እንዳልተነፍስ አስምሎኝ ነው። አሁን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዳገቱን የሚወጣ የሚወርደውን ሰው ያያል። «ያ ሰውዬ ዛሬ ከአለቃው ተጣልቷል፣ ያቺ ልጅ አርግዛ ለእናቷ አልነገረችም» ይለኛል። እንዴት አወቅክ ስለው ከአረማመዳቸው ይላል። ነካው እንዴ ብዬ ስጠያይቅ ልክ ሆኖ አገኘሁት። እባክሽ ዝም እንዳትዪው። እኔን አይሰማኝም፤ አንቺን ያነብሻል።


ጅማ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

እትዬ አስረሳሽ ከደብዳቤዎ ሥር ጽፈውልኛል። የሚቆጡ ከሆነ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ይቆጡኝ። አዝኜልዎታለሁ፤ ሌሊት አልቅሻለሁ። ይህን አንዴ ብቻ እላለሁ፤ አልደግመውም።

«ሠርቶ ሠርቶ ተወ» ብዬ አልጽፍም። መጥፎ መጨረሻ ነው። ደራሲው ስለደከመው ብቻ መጋረጃ የሚዘጋበትን ቴአትር ሲያዩ ምን ብለው እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል።

መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሚያደርጉት ነገር ምን እንደሆነ ግን አላስተዋሉትም። ሰው ሲራመድ አይተው በሆዱ የያዘውን ያውቃሉ። ታዲያ ይህ የአዘጋጅ ሥራ አይደለም? ዳገቱ ላይ ልጆቹን ከኋላ ሆነው ማዳመጥዎን ይተዉት። ቀድመዋቸው ይውጡና ከላይ ይቁሙ። እየተናገሩ ወደ እርስዎ ይምጡ። ዓረፍተ ነገሩ የት ጋ እንደተሰበረ ከትከሻቸው ያዩታል።

ገላው ግን በመልእክት አይመለስም። የተዋረደው በሰው ፊት ነው። እሱን እንዴት እንደሚያደርጉት እርስዎ ያውቃሉ።

እኔ ጥር 3 እመጣለሁ። አዳራሹ ባዶ ቢሆን ባዶውን አዳራሽ አይቼ እጽፋለሁ።

ሶሬቲ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ዝም ብዬ በመክረሜ ይቅርታ አድርጊልኝ። አስረሳሽን ልቆጣት ሞክሬ ነበር፤ ምን ብላ እንደመለሰችልኝ ግን አልሰማሁም። ስለዚህ ተሸንፌያለሁ።

አዎ፣ ጆሮዬ ሄዷል። ይኸው በገዛ እጄ ጻፍኩት። መጀመሪያ የሄዱት ወፎቹ ናቸው፤ ሰፈራችን ወፍ አጣ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ሴቶችና ልጆች ሄዱ። በመጨረሻ ገላው ሄደ። የሌሎቹን ስችለው የእሱን መቻል አቃተኝና ልጁን ወንጀለኛ አደረግኩት።

በሰው ፊት ያዋረድኩትን በሰው ፊት ልክሰው ይገባኝ ነበር። ስለዚህ እንደ አባቶቻችን ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ። የንስሐ አባታችንን አባ በርናባስንና ጎረቤቴን ጎበናን ሽማግሌ አድርጌ ያዝኩ። ድንጋዩን ከእንጦጦ መንገድ ዳር ነው ያነሳሁት። መጀመሪያ ትንሽ መርጬ ነበር፤ ጎበና አይቶ በእግሩ ገፋውና ትልቁን አሳየኝ። ሲ.ኤም.ሲ ስንደርስ የአፓርታማው ጥበቃ አላስገባም አለ። ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው! አባ በርናባስ መስቀላቸውን ይዘው ስለ ዕርቅ ያስረዱታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ አንገቴ ሊቆረጥ ደርሶ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ነዋሪው በየበረንዳው ወጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ያህል ተመልካች ካየሁ ቆይቻለሁና ድንጋዩን ትንሽ ከፍ አደረግኩት።

ገላው በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወረደ። ድንጋዩን ከትከሻዬ አንስቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ምን እንዳለ ጎበና በኋላ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ የምለው ጮክ ብዬ ነው ወይስ በቀስታ?» ነው ያለው። ከዚያ አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ልምምድ መጣ።

ዳገቱን ቀድሜ እየወጣሁ ከላይ ነው የማያቸው። ይህን አንቺ ሳትዪኝም አስቤው ነበር። አንድ ሰው የማያምንበትን ቃል ሊናገር ሲል ተረከዙ ይከብደዋል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ አላየሁትም ነበር። ገላው አሁን ያን ንግግር ሲናገር ምንም ሳልሰማ ጸጉሬ ይቆማል። አዳራሹን መልሰውልናል።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል፤ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ሁሉም አዝኖልኛል። ድሮ «እዚህ ጋ ቁም» ስላቸው «ለምን?» እያሉ ይሟገቱኝ ነበር። አሁን አውራ ጣታቸውን እያነሱ ፈገግ ይሉልኛል። ያልኩት ሁሉ ጥሩ ነው። የጋዜጣው አለቃ እንኳ «ድንቅ ሥራ» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ላከልኝ፤ ገና ሳይከፈት! ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚቀበረው። ጆሮዬ ቢሄድ እችለዋለሁ። ሥራዬ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳላውቅ መኖር ግን አልችልም፤ ያን ጊዜ የምር አበቃልኝ ማለት ነው። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አንቺ ብቻ ቀርተሻል። ብታዝኚልኝ አልምርሽም።

ተክለብርሃን


ጅማ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደ ሕጉ ሰላም ሳልልዎ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እርስዎም አንገትዎን ቀና አድርገው ሲቆሙ አየሁዎት። ሮጬ መጥቼ ጉልበትዎን ብስም ደስ ባለኝ። ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ።

በማግስቱ ከጠሀ ጋር ስመለስ አውቶቡሱ ላይ ጽሑፉን ጻፍኩ። ቆንጆ ጽሑፍ ነበር። ጆሮውን ያጣ አዛውንት ያለ ድምፅ ያቆመው ቴአትር ይላል፤ አንብቦ የማያለቅስ አይኖርም። ወሊሶ ለቁርስ ስንቆም ቀድጄ ጣልኩት። ስለ ጆሮዎ ነበር የጻፍኩት፤ ስለ ቴአትሩ አልነበረም። ሁለተኛውን ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ከጥምቀት በኋላ እሑድ ይወጣል። ሰው ከሚነግርዎ እኔ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ገላው ትልቅ ተዋናይ ሆኗል፤ አጥሩ ሥር ሲናገር አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን አጠፋ። ይህን ጽፌያለሁ። ቀጥሎ ያለው ግን ይኸው ነው።

ሁለት ወንድማማቾች ለዓመታት ተኳርፈዋል። እንዲህ ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዳቸውም ለሌላው ጀርባቸውን አይሰጡም። ሁሉም ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይናገራል። ወደ ሕዝቡም አይደለም፤ እርስዎ ወደ ተቀመጡበት ወደ ግራው ጥግ ነው። አፋቸውን እንዲያነቡ ፊታቸውን ሰጥተውዎታል። ተመልካቹ ይህን አያውቅም፤ የሚያየው እንደ ፎቶ ቤት የተደረደሩ ሰዎችን ነው። የተኳረፈ ሰው ይዞራል፣ ጋሼ። ገላውን በስልክ ጠየቅኩት። «ሁላችንም አይተነዋል፤ ግን እሳቸውን እንዴት ብለን?» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ ወንድማማቾቹ ሳይናገሩ የሚቀመጡበት ዝምታ ረዝሟል። ሰው በየወንበሩ ኡሁ ኡሁ እያለ መሳል ጀምሮ ነበር። በግማሽ ቢያጥር ይበቃል።

አልማርኩዎትም። 

ሶሬቲ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣

እንደምን አለሽ? ጽሑፍሽ ትናንት ወጥቷል። አንድ ቃል አልቀነሱልሽም፤ እንዳይነኩት ሄጄ አስጠንቅቄያቸው ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለጥምቀት ዋዜማ ነው። አንብቤ ተናደድኩ። ይህቺ ልጅ ማን ሆና ነው አልኩ። በዓሉን አኩርፌ አሳለፍኩት፤ አስረሳሽ ታቦት ልትሸኝ ብቻዋን ጃንሜዳ ወረደች። ስትመለስ እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ እኔ ወደ ውጭ አያለሁ። ቆየችና ሄደች። ምን ብላኝ እንደነበር አላውቅም፤ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁና አፏን ላየው አልችልም። ወዲያው ገባኝ፤ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ። የተኳረፈ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ እኔው በገዛ ቤቴ እየሠራሁት ነው! ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ይቅርታ ጠየቅኳት።

በማግስቱ ልጆቹን ዳገቱ ሥር ሰብስቤ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው እንደ ልማዳቸው መሬት አዩ። ከእንግዲህ መሬት የሚያይ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም አልኳቸው። ገላውን «ያን ንግግር ዞረህ ተናገረው» አልኩት። «ታዲያ እንዴት ያዩኛል?» አለኝ። አላይህም፣ አምንሃለሁ አልኩት። ጎምዛዛ ነገር ነበር፤ ግን ዋጥኩት።

ቅዳሜ ዕለት ገላው አጥሩ ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ንግግሩን ጀመረ፣ ጨረሰ። ምን እንዳለ፣ የት እንደተነፈሰ፣ የት እንደሰበረው አላውቅም። ባዘጋጀሁት ቴአትር ውስጥ እኔ ያልያዝኩት ነገር ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከወንበሬ ዞሬ ሕዝቡን አየሁ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ አንዲት ሴትዮ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ፊቱን የማያዩትን ሰው ያያሉ። ያን ጊዜ ሥራዬ ጥሩ እንደሆነ አወቅኩ። አውራ ጣቱን ያነሳልኝ ሰው ስለነበረ አይደለም። ስታስተካክዪኝ ተስተካከልኩ፤ እኔን ገና ሰው ያርመኛል ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ደስ ብሎኛል።

ስለ ዝምታው ግን ተሳስተሻል። አንዲት ደቂቃ አልቀንስም። ሰው ሳለ አልሽኝ፤ ይሳል፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ያልለመደ ሰው ነው የሚስለው። በዚህ ከተማ ውስጥ ስለ ዝምታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አዘጋጅ የለምና በዚህ ጉዳይ ባትገቢ ይሻልሽ ነበር። ካላመንሽ ነይና ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ተከራከሪኝ። ግን ለእኔ ብለሽ ቃሉን እየጎተትሽ፣ አፍሽን እያጣመምሽ እንዳትናገሪ። እንደ ልማድሽ ተቆጪኝ። ስትቆጪ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

ተክለብርሃን